የበዓል ቆዳና የቅንጦት ፋሽን ኩባንያዎች የካርቦን ሒሳብ

ምእመናን በገናና በፋሲካ የሚያርዱትን በግ ሌጦ፣ የበሬውንም ቆዳ ለደብራቸው መስጠታቸው በብዙ አጥቢያዎች የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ ይህ ስጦታ ለጧፍና ለዕጣን መግዣ የሚሆን ገቢ ያስገኝ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የጥሬ ቆዳ ዋጋ እጅግ ስለ ወደቀ፣ በበዓል ማግስት በየመንገዱ የተጣለ ቆዳ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ የምናነሣው፣ የሚያወጣው የአየር ንብረት ሒሳብ ዞሮ ዞሮ እንስሳ ከሚረባበት በረት ስለሚደርስ ነው።

ኩባንያው ኬሪንግ ይባላል፤ ጉቺን፣ ሳን ሎረንንና ቦቴጋ ቬኔታን በሥሩ ያስተዳድራል። (ጉቺ እ.ኤ.አ. በ1921 በፍሎረንስ ተመሠረተ። ስሙ በፒያሳ ሱቆችም በቦርሳና በቀበቶ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ዕቃው ከፍሎረንስ እንዳልመጣ ግን ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ።) ኬሪንግ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ጠቅላላ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቱን ከ2021 መጠን አንጻር እስከ 2035 ድረስ በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ።

እንዲህ ያለው ልቀት በሦስት ክፍል ይቆጠራል። በደብር ብንመስለው፣ በራሳችን ማእድ ቤት የሚነድደው ማገዶ የመጀመሪያው ነው፤ ከመስመር የምንወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁለተኛው ነው፤ ሌሎች አምርተው እኛ የምንገዛው ዱቄት፣ ጧፍና መጎናጸፊያ ደግሞ ሦስተኛው ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ሁለተኛው ክፍል በእኛ ዘንድ እጅግ አነስተኛ ነው። በኬሪንግ ሒሳብ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በሦስተኛው ይገኛል። በፓሪስ ያሉት ሱቆች መብራታቸውን ቢያጠፉ እንኳ የሚለወጠው ጥቂት ነው ማለት ነው። ዋናው ነገር ያለው በቆዳው፣ በሱፉና በጥጡ ላይ ነው። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ሙቀት ያምቃል። ለግጦሽ የሚመነጠር ደንና የቆዳ ፋብሪካው ነዳጅም ይታከሉበታል። የእንስሳው ልቀት ለሥጋው፣ ለወተቱና ለቆዳው ሲከፋፈል፣ ቦርሳው የቆዳውን ድርሻ ይሸከማል።

«ቀነስን» የሚል ማስታወቂያ ስንሰማ ከምን አንጻር እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ለአንድ እንጀራ የሚፈጀውን ማገዶ በግማሽ የቀነሰ ቤት፣ የሚጋግረውን እንጀራ ሦስት እጥፍ ቢያደርግ የሚያነድደው እንጨት ከቀድሞው አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። የኬሪንግ የ2023 ግብ የሚለካው በጠቅላላው ማገዶ ስለ ሆነ፣ በእኛ አስተያየት ከፊተኞቹ ግቦቹ የተሻለ ነው። ነገር ግን የኩባንያው ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2024 በ12 በመቶ ቀንሷል። ገበያ ሲቀዘቅዝም ልቀት ይወርዳልና፣ ከአሠራር መሻሻል የመጣውን ከገበያ መቀዝቀዝ ከመጣው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ኩባንያዎች ትልቁን ክፍል መቀነስ የሚችሉት የጥሬ ዕቃውን ምንጭ በመመርመር ነው። ስለዚህ ቆዳው ከየት መጣ፣ ደን ተመንጥሮበታል ወይ፣ እንስሳው እንዴት ተያዘ እያሉ ቆዳ ፋብሪካውን ይጠይቃሉ፤ ፋብሪካውም ነጋዴውን ይጠይቃል። መልሱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የዳባት፣ የደባርቅና የወገራ ሌጦ በአንድ መጋዘን ከተቀላቀለ በኋላ ማንም አይለየውም። ለደብር የተሰጠ ሌጦ ግን ሰጪው ይታወቃል። የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ ቀኑን፣ የእንስሳውን ዓይነትና ቀበሌውን በመዝገብ ቢያሰፍር፣ ለብዙ ነጋዴዎች አስቸጋሪ የሆነው መረጃ በእጁ ይኖራል። ይህ ብቻውን ዋጋ ያስጨምራል ብለን ቃል አንገባም።

የደጋው በግ ሌጦ ለጓንት ሥራ በውጭ አገር ሳይቀር የታወቀ ነው። የሚያዋርደው እከክ ነው። ቅማልና መሰል ተባዮች የሚያስከትሉት ይህ ጉዳት ሌጦው ከተለፋ በኋላ ጎልቶ ይታያል፤ ፋብሪካውም ደረጃውን ዝቅ ያደርገዋል፤ አለዚያም ይጥለዋል። በጉን ለማሳደግ የወጣው ልቀት ግን ወጥቷል፤ በቆሻሻ ክምር ውስጥ የሚበሰብሰውም ሌላ ሚቴን ይጨምራል። በገፈፋ ጊዜ በቢላዋ የተበሳ፣ ጥቂት ሰዓታት ሳያልፉ ጨው ያልተነሰነሰበት ሌጦም ዕጣው ይኸው ነው።

እከክ ከታከመም በኋላ ቆዳው እስኪያገግም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ለፋሲካ የታሰበውን በግ በዐቢይ ጾም መግቢያ ማሳከም ይሻላል፤ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበትም የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይነግራል።