አሮጌ የአማርኛ ታይፕ ለመግዛት ላሰባችሁ

«መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ከምንፈታ አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ብንገዛስ?» የሚል ሐሳብ በመካከላችን ስለሚሰማ፣ በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ጥቂት ላስረዳ።

እኔ አንዷን ሶዶ ላይ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቼ እስከ ሁምቦ በጉልበቴ ታቅፌ አመጣኋት። ላይዋ ያብረቀርቃል፤ የሞከርኩት ግን ሀ እና ለን ብቻ ነበር። ለማስተማር ልምምድ «አንብቡ» ብዬ የጻፍኩትን ወረቀት ስለጥፍ አንዲት ልጅ ብቻ ብድግ አለች፤ ሌሎቹ ዝም! ለካ «አንብቢ» ሆኖ ኖሯል። አፋቸውን በወላይትኛ የፈቱ ሕፃናት የአማርኛውን ስሕተት በግምት አያርሙትም፤ የተጻፈውን ነው የሚያምኑት።

ነገሩ እንዲህ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የመኪናዋ ቁልፎች ግን 50 እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ታይፕ ፈር ከቀደዱ ወዲህ፣ በኋላ በመጡት ኦሊቬቲዎችም ጭምር፣ ፊደሉ እየተገጣጠመ ነው የሚጻፈው፤ በ ይመታል፣ ቅጥያው ደግሞ ለብቻው ይመታል። ከሁለቱ ምት አንዱ ወረቀቱን አያራምድም። እንግዲህ የካዕቡን ቅጥያ የተሸከመው ዘንግ ጥቂት ከጎበጠ፣ ቅጥያው ከወገብ ወደ እግር ይወርድና ቡ ቢ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ታይፕ ቢሆን ፊደሉ ይንጋደዳል እንጂ ድምፁ አይለወጥም።

ስለሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀት አስገብታችሁ ከበ እስከ ቦ፣ ከሰ እስከ ሶ ደጋግማችሁ ምቱ። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ! ወረቀቱ የሚጠቀለልበትን ጎማም በጥፍር ጫን በሉት፤ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ፊደሎቹን ይጎዳል። ለጊዜው ከጀርባ ሌላ ወረቀት መደረብ ይረዳል።

እድሳቱ ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። አቧራውን በቀለም ብሩሽ መጥረግ፣ የተደፈነውን የዐ እና የው ዓይን በመርፌ መክፈት፣ ፊደሎቹንም በጥርስ ብሩሽና በጥቂት ቤንዚን ማሸት ነው፤ ይኸውም ከእሳት ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ። ሪባኑ ከደረቀ አዲሱን በአሮጌው ማጠንጠኛ ላይ ጠቅልሉ። ዘንጎቹ የተሰኩበት ላይ ግን ዘይት እንዳታፈሱ። እኔ አፍስሼ የሁምቦን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ጭቃ ሆነብኝ።

የጎበጠውንም ዘንግ በፒንሳ ራሴ ላቅና ብዬ ቅጥያው ከፊደሉ አናት በላይ ወጣ። በመጨረሻ የሚያውቅ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኳት፤ የከፈልኩትም ከገዛሁበት በለጠ።

መኪናዋ አሁን ከመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ናት። ለመግዛት ያሰበ መጥቶ ቡን ከቢ እየለየ ይለማመድባት።