የአንገታችን ጎንና በላዩ የሚወጣው ንፍፊት

ጤና ከሀብት ሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሰው የገዛ አካሉ እንዴት እንደ ተሠራ ካላወቀ ይህን ሀብት በሚገባ ሊጠብቀው አይችልም። በልጅ አንገት ጎን እብጠት በታየ ጊዜ ምላጭ ወይም የጋለ ብረት ወደሚይዝ ሰው መሄድ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ በሰቆጣ ከተማም ሆነ በአበርገሌ ቆላ ሊቀር የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት፣ ከአንገት ቆዳ በታች ያለውን መመልከት ይበቃል።

የአንገት ጎን አሠራር

ፊታችንን ወደ ቀኝ ብናዞር፣ በግራ በኩል ከጆሮ በስተኋላ ካለው አጥንት ተነሥቶ እስከ ደረት አጥንት አናት የሚወርድ ወፍራም ጡንቻ ጎልቶ ይታያል። ይህ ጡንቻ እንደ እርሻ ድንበር ሆኖ የአንገትን ጎን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሥሩ ታላቁ ደም ቅዳ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከማንቁርት አጠገብ ጣት ቢያሳርፉ ትርታው ይሰማል። ከማንቁርት ላይኛ ጫፍ ትይዩ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ለአንጎል፣ ሁለተኛው ለፊት ደም ያደርሳል። ከጎኑም ታላቁ ደም መልስ ደሙን ከራስ ወደ ልብ ይመልሳል።

ከጡንቻው በስተኋላ ደግሞ፣ ለቆዳ እጅግ በቀረበ ስፍራ፣ ትከሻን የሚያነሣ ቀጭን ነርቭ ያልፋል። ይህ ነርቭ የተቆረጠበት ሰው ትከሻው ይወድቃል፤ ክንዱንም ሽቅብ ለማንሣት ይቸገራል። ለአራሽና ለእንጨት ሰባሪ ይህ እንጀራን ማጣት ነው። እንግዲህ ምላጭ የሚያርፈው በእነዚህ ሁሉ ላይ መሆኑን እናስተውል።

ንፍፊት ምንድን ነው?

እግሩን እሾህ የወጋው ሰው በብሽሽቱ ንፍፊት እንደሚወጣበት ሁላችንም እናውቃለን። ንፍፊት በሰውነት ውስጥ የተሰማሩ የትናንሽ ዘበኞች እብጠት ነው። እነዚህ ዘበኞች የሊምፍ ዕጢዎች ይባላሉ፤ በአንገት ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ አሉ። የራስ ቆረቆር፣ የጥርስ፣ የጆሮና የጉሮሮ ሕመም ሲነሣ ከበሽታው ጋር ሲታገሉ ያብጣሉ። ምክንያቱ ሲድን እብጠቱም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ዕጢውን መብጣት ጠላትን ትቶ ዘበኛን እንደ መምታት ነው።

የማይጠፋ እብጠት

ሳምንታት አልፈው የማይጠፋ፣ እርስ በርሱ የሚጣበቅ፣ በመጨረሻም ፈንድቶ መግል የሚያፈስ እብጠት ግን የቲቢ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝና በፈረንሳይ አገር ይህ በሽታ ንጉሥ በእጁ ሲዳስሰው ይድናል ተብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት ይታመን ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በ1874 ዓ.ም. የቲቢን ተውሳክ ካገኘ ወዲህ ግን እውነተኛው ምክንያት ታውቋል። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ የሚገኝ ቲቢ ብዙ ነው፤ ከእርሱም ዋነኛው የዕጢ ቲቢ ነው። ተውሳኩ በአብዛኛው ሳንባው ከታመመ ሰው በሳል ይተላለፋል፤ ካልተፈላ ወተትም ሊገኝ ይችላል።

በአንገት ፊት ለፊት ያለና ምራቅ ሲዋጥ ወደ ላይ የሚነሣ እብጠት ግን እንቅርት እንጂ ንፍፊት አይደለም፤ መከላከያውም አዮዲን ያለው ጨው ነው።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት ያለበትን ሰው፣ ይልቁንም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከታየበት፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። እብጠት ሁሉ ቲቢ አይደለምና ባለሙያው በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ ያስመረምራል።

2ኛ/ እብጠቱን አለመብጣት፣ አለመተኮስ፣ አለማሸት።

3ኛ/ ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱን በነጻ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው መውሰድ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በመካከሉ እብጠቱ ለጊዜው ቢጨምር መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ማቋረጥ አይገባም፤ ሐኪምን መጠየቅ እንጂ።

4ኛ/ የላምም ሆነ የፍየል ወተት አፍልቶ መጠጣት፤ የቤትን መስኮት መክፈት፤ የልጆችን ራስና ጥርስ በንጽሕና መያዝ።

መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ ውስጥ አንገቱን በሻሽ ሸፍኖ የሚቀመጥ ልጅ ብታዩ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፤ ወላጆቹንም ምከሩ። የዕጢ ቲቢ ሳንባን ካልያዘ በትንፋሽ አይተላለፍምና ጓደኞቹ እንዳይሸሹት አስረዱ። በጊዜው የተነገረ አንድ ቃል ልጁን ከምላጭ ያድነዋል፤ ክንዱንም ለዕድሜው ሙሉ ያተርፍለታል።