መርከብ ነዳጅ ሲያልቅበት የት ይቀዳል?

ባለፈው በኅብረተሰብ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ባሕር ላይ ማደያ አለ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቤት ሄጄ ሳስበው ግን መልሱን እኔም አላውቀውም። አባቴ የጅቡቲ መስመር የቦቴ ሹፌር ስለሆነ እሱን ጠየቅሁት፤ ሌላውን አንብቤ አገኘሁ።

ለካ አለ! ግን ብዙ ጊዜ መርከቡ ወደ ማደያ አይሄድም፣ ማደያው ነው ወደ መርከቡ የሚመጣው። ነዳጅ የጫነች አነስ ያለች መርከብ መጥታ ከጎኑ ትታሰርና በወፍራም ቱቦ በፓምፕ ትሞላለታለች። አንድ ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ በሺህ የሚቆጠር ቶን ነዳጅ ስለሚይዝ እንደ አባቴ ያሉ ደርዘን ቦቴዎች ቢሰለፉ እንኳ አይሞሉትም። ነዳጁም እንደ ባጃጅ ቤንዚን እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ከሥር የሚቀረውን ጥቁርና ወፍራም ነገር ነው፤ ካልሞቀ በደንብ አይፈስም። በዓለም ብዙ የመርከብ ነዳጅ የሚሸጠው ሲንጋፖር ነው።

ሥራው ባንከሪንግ ይባላል። ባንከር ማለት ድሮ መርከብ ውስጥ የድንጋይ ከሰል የሚጠራቀምበት ክፍል ነበር። እኔን በጣም የገረመኝ የዚህ የከሰሉ ታሪክ ነው። የእንፋሎት መርከብ ከሰል ይበላል፤ ለሩቅ መንገድ የሚበቃውን ሁሉ ልጫን ካለ ደግሞ ለዕቃ ቦታ አይተርፈውም። ስለዚህ መንገድ ላይ የከሰል መጋዘን የግድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞች በ1839 ኤደንን ያዙና ከሰል አከማቹባት። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን ገዙ። የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በ1869 ደግሞ ሩባቲኖ ለሚባል የጣሊያን መርከብ ድርጅት አሰብ ላይ መሬት ተገዛ። ለምን? ለከሰል ማራገፊያ ተብሎ! በ1882 ግን የጣሊያን መንግሥት ራሱ ወሰደው። መጋዘን ብሎ የገባው ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ይሄ እኔን አናዶኛል።

ፈረንሳይም ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዞች ኤደን ላይ ከሰል ስለከለከሏት ኦቦክን አጠናከረች፣ ኋላም ወደ ጅቡቲ ተሻገረች። ይህን ሳነብለት አባቴ «እኔ የምመላለስበት ወደብ በከሰል ጠብ ነው የተጀመረው በለኛ!» አለ።

ያንን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እሱ ግን አሁን «ነዳጅ የምታድለዋን መርከብስ ማን ይቀዳላታል?» እያለኝ ነው። እሱን ለሚቀጥለው እትም።