በጆሃንስበርግ ብርድ ሰው ሲመታ፦ አረቄውን አስቀምጡ፣ ከሰሉን አውጡ!

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን «አፍሪካ ውስጥ ሆናችሁ ምን ብርድ አለባችሁ?» ይሉናል። እኔም ከመምጣቴ በፊት የብርድ ነገር ሲነሳ ትዝ የሚለኝ ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ ነበር። ጆሃንስበርግ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ክረምቷ እንደኛው ዝናብና ጭቃ አይደለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደረቅ ነው። ቀን ፀሐይዋ ታታልላለች። ሌሊት ደመና ስለሌለ የምድሩ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጥና ንጋት ላይ ውርጭ ይሆናል። ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2023) በከተማዋ በረዶ ሲጥል፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያላየነው ነበርና ሰው ሁሉ ከሱቁ ወጥቶ ፎቶ ሲነሳ ዋለ።

እዚህ ጣት የሚያስቆርጥ ብርድ እምብዛም አይገጥምም። የሚያሰጋን የመላ ሰውነት መቀዝቀዝ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል። ለዚህ ደግሞ በረዶ አያስፈልግም፤ እርጥብ ልብስ፣ ነፋስ፣ ባዶ ሆድና መጠጥ ይበቃሉ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ በባኪ ጀርባ ወደ ሎኬሽን የሚጓዘው ወገናችን፣ በስፓዛው የሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያድረው አዲስ መጤ ልጅ፣ ከሁሉ ቀድመው የሚጠቁት እነሱ ናቸው። ሕፃናትና አረጋውያንም እንዲሁ።

በዐይኔ ያየሁትን ላውጋችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በተባለው፣ እኛ ግን አሁንም ጄፒ በምንለው ጎዳና፣ አንድ ልጅ በስስ ጃኬት ከባኪ ጀርባ ወረደ። መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆይቶ መንቀጥቀጡን ተወ። የጃኬቱን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፤ ምላሱም እንደሰከረ ሰው ተሳሰረ። «ተሻለው» ያለ ነበር፤ «ጠጥቷል፣ ተዉት ይተኛ» ያለም ነበር። አንዱ አረቄ ሊያመጣ ሮጠ፤ ሌላው እግሩን ማሸት ጀመረ፤ ሦስተኛው በጓዳ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ሊዘጋ ተነሳ። ሁሉም ከፍቅር ነው፤ ግን ሁሉም ሊገድለው ይችል ነበር። ያስቆመቻቸው የመጀመሪያ እርዳታ የተማረች ያገሬው ሴት፣ የሱቁ ሠራተኛ ናት።

አረቄ ደም ወደ ቆዳ ስለሚያመጣ ይሞቅሃል፤ ነገር ግን ያ ሙቀት ከውስጥ ወጥቶ የሚባክን ነው። እግርና እጅን ማሸት ደግሞ የቀዘቀዘውን ደም በድንገት ወደ ልብ ይመልሳል፣ ቆዳንም ይጎዳል። መንቀጥቀጥ ሲቆም «ተሻለው» ማለትም አደገኛ ስህተት ነው፤ ሰውነቱ ሙቀት ለመፍጠር የነበረውን አቅም ጨረሰ ማለት ነውና።

ሴትዮዋ ያደረገችው ይህን ነው። ነፋስ ወደማይገባበት አስገባችው፤ እርጥብ ካልሲውንና ሸሚዙን አውልቃ በደረቅ ጋቢ ከነራሱ ጠቀለለችው። ከሥሩ ካርቶን አነጠፈች፤ ሲሚንቶ ሙቀት ይመጥጣልና። (ካርቶን ደግሞ በጄፒ መቼ ይጠፋል!) በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ በደረቱና በብብቱ አደረገች፤ መጀመሪያ መሞቅ ያለበት ግንዱ እንጂ እጅና እግሩ አይደለም። ነቅቶ መዋጥ ሲችል ብቻ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጠችው። አምቡላንስም አስጠራች፦ 10177፣ ከሞባይል 112። ልጁ ዳነ።

በብርድ ክፉኛ የተጎዳ ሰው አተነፋፈሱ እጅግ ሊዘገይ ስለሚችል የሞተ ይመስላል። ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ስታነሱትም በዝግታ ይሁን፣ መንገላታት ልቡን ሊያቆመው ይችላልና።

ጣቶቻቸው ቀልተው የሚያሳክኳቸው፣ የሚያብጡባቸውም አሉ። ይህ ቀላሉ ነው፤ ቀስ አድርጎ ማሞቅና ደረቅ ካልሲ ይበቃዋል። የደነዘዘ እግር ግን ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ ስለማይሰማው ይቃጠላል። በተለይ ስኳር ሕመም ያለበት ይጠንቀቅ።

ከዚህ ተነስታችሁ ካናዳና ሚኔሶታ የገባችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል፤ እዚያ ሥጋው ራሱ በረዶ ይሆናል። ጣት ነጥቶ ወይም አመድ መስሎ እንደ ሰም ከደረቀ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ ውሃውን የሚለካው የጤነኛ ሰው ክርን ነው። መልሶ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን እስከ ሐኪም ድረስ አይሟሟ፤ ዳግመኛ ሲቀዘቅዝ ጉዳቱ ይብሳል። በ1812 እ.ኤ.አ. ከናፖሊዮን ጦር ጋር ሩሲያ የዘመተው ሐኪም ላሬ በበረዶ ማሸትን መክሮ ነበር፤ ዓለምም ከመቶ ዓመት በላይ ተከተለው። ዛሬ ሐኪሞች ትተውታል።

አሁን ወደ ከሰሉ ልመለስ፤ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። እኛ ማንደጃ፣ ያገሬው ሰው ኢምባውላ የሚለው አንድ ነገር ነው። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ከመውጣት አያርፍም፤ ሽታ የለው፣ አይታይ። ለሌባ ተብሎ መስኮት በተዘጋበት፣ በሩ በብረት በተቆለፈበት ስፓዛ ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ምግቡን አትጠርጥሩ፤ በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ውጭ አየር አውጡ፣ ከዚያ አምቡላንስ ጥሩ። ቡናውን በከሰል አፍሉ፣ ማን ይከለክላችኋል? በሩ ግን ክፍት ይሁን፤ ከመኝታ በፊትም ማንደጃው ከነፍሙ ደጅ ይደር።