የቆየ ጭስ ማውጫ ሁሉን ያወጣል?

በሰፈራችን በመካኒሳ ከቆዩት ቪላዎች አንዳንዶቹ ሳሎናቸው ውስጥ የድንጋይ እሳት ማንደጃ አላቸው። የተሠራው የባሕር ዛፍ ግንድ ሊነድበት ነበር። ዛሬ ግንዱ ተወዷል፤ ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ሲጠና ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ ከነፍሙ እዚያ ይገባል። ሰጋቱራ ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ የሚያነድ ምድጃ ያስመጣም ሰው ቱቦውን ከዚያው ጭስ ማውጫ ጋር ማገናኘት ያምረዋል።

«ጭስ ማውጫ ካለ ጭሱ መውጫ አያጣም» ይባላል። ጭስን ወደ ላይ የሚስበው ግን ቀዳዳው ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ከደጁ አየር ይቀልና ይወጣል። ግንድ ሲንቀለቀል ያንን ሁሉ ድንጋይ ያሞቀዋል፤ አንድ ምድጃ ፍም ግን አቅሙ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ ያደረው አየር ከላይ እንደተጫነ ይቆይና የፍሙ ጋዝ ወደ ሳሎን ይመለሳል። መካኒሳ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስበቱም በዚያው መጠን ይደክማል።

እሳት ከመለኮስ በፊት ጧፍ አብርቶ ማንደጃው አፍ ላይ መያዝ ብዙ ይናገራል። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ይስባል፤ ወደ ፊትዎ ካዘነበለ አየሩ እየወረደ ነው። የወፍ ጎጆ ወይም ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ የተጣለ ቆርቆሮ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። አጠገቡ አዲስ ፎቅ ተነሥቶ ነፋሱን ወደ ታች እየመለሰበትም ይሆናል፤ ይህ በሰፈራችን እየበዛ ነው። የጭስ ማውጫ ጫፍ በ3 ሜትር ዙሪያው ካለ ነገር ሁሉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት።

«ሰፊ ጭስ ማውጫ ይሻላል» የሚለውም ለትንሽ እሳት አይሠራም፤ ጭሱ ሰፊው ውስጥ ይቀዘቅዛል። አሜሪካ ውስጥ ደረቅ በቆሎ ወይም ከሰጋቱራ የተጨመቀ ፔሌት የሚያነድዱ የቤት ማሞቂያዎች አሉ (በቆሎ ማቃጠል ለእኛ ነውር ቢመስልም)። እነሱን ከድሮ ጭስ ማውጫ ጋር ለማገናኘት በውስጡ እስከ ጫፉ ድረስ ጠባብ የስቴንለስ ስቲል ቱቦ ይወርዳል፤ የበቆሎ ጭስ ተራ ላሜራን ይበላዋልና። ጭሱን የሚገፋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንትሌተር ስለሆነ በደንብ ካልታሸገ መገጣጠሚያ ሁሉ ጭስ ወደ ቤት ያፈተልካል። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለመካኒሳ ሰው መንገር አያሻም።

ሰው የሚገድለው ግን «ከሰሉ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚለው እምነት ነው። የሚታየው ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ሰው ያስነሣል፤ በር ያስከፍታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቀላው ፍምም ያመነጨዋል። ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ያምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰውየው ጉንፋን መስሎት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። «ጋዙ ወደ ላይ ይሄዳልና መሬት ላይ መተኛት ነው» የሚሉም አሉ፤ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ ይሞላል። መስኮት ገርበብ ማድረግም ለሚተኛ ሰው ዋስትና አይሆንም። በእኔ እምነት የከሰል ቦታው በረንዳ ነው፤ ማንደጃ ቢኖርም ባይኖርም።

ወተትስ? የከሰል ጭስ የመታውን ሰው ወተት ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ጋዙ የገባው በሳንባ ስለሆነ ወተቱ ሆድ ውስጥ አያገኘውም፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ትን ይለዋል። በሩን ከፍቶ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይቀድማል። ንጹሕ አየር ብቻ የሚተነፍስ ሰው በደሙ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ሆስፒታል ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጠው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።