ከባድ ዱላ ሩቅ ይመታል? ስለ ስሎውፒች ሶፍትቦል ዱላ ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ ጎልማሶች ከሥራ በኋላ የሚጫወቱት ሶፍትቦል በአብዛኛው ስሎውፒች የሚባለው ዓይነት ነው። ኳሱ ከ15 ሜትር ርቀት ላይ በእጅ ሥር ይወረወርና ቅስት ሠርቶ በዝግታ ይወርዳል። ኳሱ ይዞት የሚመጣው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ የምቱ ኃይል ከመቺውና ከዱላው ይጠበቃል። ስለ ዱላ የሚወራው የበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተረት፦ ዱላው በከበደ ቁጥር ኳሱ ይርቃል።
እውነታ፦ ከባድ ዱላ የሚያዋጣው በፍጥነት መወዝወዝ ከቻሉ ብቻ ነው። እጅ ከዘገየ በክብደቱ የተገኘው ትርፍ በፍጥነቱ ይጠፋል። አብዛኞቹ የስሎውፒች ዱላዎች ከ25 እስከ 30 አውንስ (ከ710 እስከ 850 ግራም ገደማ) ይመዝናሉ። ለጀማሪ ከ26 እስከ 28 ያለው ይበቃል።

ተረት፦ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዱላዎች ልዩነት የላቸውም።
እውነታ፦ ሚዛን ላይ እኩል ቢሆኑም እጅ ላይ ይለያያሉ። መዶሻን አንዴ ከእጀታው፣ አንዴ ከብረቱ በኩል ይዘው ቢወዘውዙ ልዩነቱ ይገባዎታል። የፊዚክስ ምሁሩ አለን ናታን ከባልደረቦቹ ጋር በሶፍትቦል ተጫዋቾች ላይ ያደረገው ጥናትም የውዝዋዜውን ፍጥነት የሚወስነው ጠቅላላ ክብደቱ ሳይሆን ክብደቱ ያረፈበት ቦታ መሆኑን አሳይቷል። ጫፉ የከበደ ዱላ ለጉልበተኛ መቺ ይሆናል፤ ኳሱን ወደፈለገው ቦታ መስደድ ለሚሻ ሚዛኑ የተስተካከለው ይሻላል።

ተረት፦ ውድ ዱላ የትም ሜዳ ያጫውታል።
እውነታ፦ የሚያጫውተው ዱላው ላይ ያለው የፈቃድ ማኅተም ነው። ስፖርቱን የሚመሩት ድርጅቶች፣ ዩኤስኤ ሶፍትቦልና ዩኤስኤስኤስኤ፣ የየራሳቸው ፈተናና ማኅተም አላቸው፤ አንዱ ያጸደቀውን ሌላው ላይቀበል ይችላል። በደንቡ መሠረት ዱላ ከ34 ኢንች (86 ሴንቲ ሜትር ገደማ) መርዘም፣ ውፍረቱም ከ2.25 ኢንች ማለፍ አይችልም።

ተረት፦ የፋስትፒች ዱላም ያው ነው።
እውነታ፦ ፋስትፒች በሚባለው ሌላው የሶፍትቦል ዓይነት ኳሱ ፈጥኖ ስለሚደርስ ዱላው ቀለል ተደርጎ ይሠራል። ስሎውፒች ላይ መቺው ጊዜ ስላለው ከበድ ያለውን መጠቀም ይችላል።

ተረት፦ ኮምፖዚት ምንጊዜም ከአሉሚኒየም ይበልጣል።
እውነታ፦ ብዙዎቹ የኮምፖዚት (የቃጫና የሙጫ ውህድ) ዱላዎች ሙሉ ብቃታቸውን የሚያሳዩት ደጋግመው ከተመታባቸው በኋላ ነው። ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜም በቀላሉ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። አሉሚኒየም በዋጋው ይረክሳል፣ ብርድ ይችላል፣ ከመጀመሪያው ቀንም ለጨዋታ ዝግጁ ነው።

ተረት፦ ዱላን ከውስጥ አስፍቆ ማሳሳት ብልሃት ነው።
እውነታ፦ ማጭበርበር ነው፤ ያስቀጣልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከልክ በላይ የፈጠነው ኳስ በቀጥታ ወደ ወርዋሪው ፊት ሊመለስ መቻሉ ነው።

እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት የሚጫወቱበት ሊግ የትኛውን ማኅተም እንደሚቀበል ይጠይቁ። ከዚያ የቡድን ጓደኞችዎን ዱላዎች ተውሰው ይሞክሩ። በመጨረሻው ዙር፣ ክንድዎ ሲደክም እንኳ ሳይከብድዎ የሚወዘውዙት ዱላ የእርስዎ ነው፤ ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።