«ፍሩዊሽን» መቼ ይባላል?

የዛሬው ቃላችን «ፍሩዊሽን» ነው። ለስኮላርሺፕ ማመልከቻና ለድጋፍ ደብዳቤ ብዙዎቻችን እንወደዋለን። እኔም ወድጄው ከስሬበታለሁ።

ባለፈው ክረምት ከአበርገሌ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ኒሯቅ ላይ ለታናናሾቻችን ማንበቢያ ክፍል ለማዘጋጀት ተነሳን። ባዶ ክፍል የሚሰጠን ሰው ተገኘ፤ ሰባ የማይሞሉ መጻሕፍትም ሰበሰብን። መደርደሪያ፣ ወንበርና መብራት ግን አልነበረንም። ለአንድ ረጂ ድርጅት ስጽፍ «ዕቅዳችን ፍሬ አፍርቷል» ለማለት «አወር ፕላን ሃዝ ካም ቱ ፍሩዊሽን» አልኩ። በሳምንቱ መልስ መጣ፦ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ድጋፉን ገና ላልተሳካላቸው እናውለዋለን!

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በአማርኛ ፍሬ ማፍራት ገና በመሀል መንገድ ላሉ ሥራዎችም ይነገራል፤ «ጥረታችን ፍሬ እያፈራ ነው» እንላለን። ለዚህ እንግሊዝኛ «ቤር ፍሩት» የሚል ሌላ አባባል አለው። «ሃዝ ካም ቱ ፍሩዊሽን» ሲባል ግን የታሰበው ነገር ከዳር ደርሷል፣ የቀረ የለም ማለት ነው። የአገራችን ገበሬ ልዩነቱን ያውቀዋል። ማሽላው አሽቷል ማለትና ማሽላው ጎተራ ገብቷል ማለት አንድ አይደለም፤ በመካከሉ ወፍ አለ፣ አጨዳ አለ፣ አውድማ አለ። እኔ እሸቱን አይቼ ጎተራው ሞላ ብዬ ጻፍኩ።

የቃሉ ታሪክም ደስ ይላል። ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ መደሰት፣ በያዙት ነገር መጠቀም ነበር። «ፍሩት» ከሚለው ቃል ጋር በሩቅ ቢዛመድም፣ ፍሬ የመያዝ ትርጉም የተሰጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ሁለቱን ቃላት በመልክ ስላመሳሰሏቸው ነው። ሲነበብም «ፍሩቲሽን» ሳይሆን «ፍሩ-ኢሽን» ነው።

አጠቃቀሙን በቅርባችን ባለ ነገር እንየው። የተከዜ ግድብ ግንባታ በ1994 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከፍታው 188 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ነው። መሐንዲሱ በ2002 «ዘ ፕላን ኬም ቱ ፍሩዊሽን» ቢል ትክክል ነው። በግንባታው አጋማሽ ላይ ቢለው ግን የእኔን ስህተት ይደግማል። በግድቡ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ የአበርገሌ ወጣቶችስ? እነሱ ቃሉን በጥንቱ ትርጉሙ ቢወስዱት ያምርባቸዋል፤ በእጃቸው በገባው ይጠቀማሉና።

ልብ በሉ፣ ከዳር የሚደርሰው ዕቅዱ፣ ተስፋው ወይም ልፋቱ እንጂ ሰውየው አይደለም። «አይ ኬም ቱ ፍሩዊሽን» አይባልም። በራስ ጥረት ስላገኙት ውጤት ለመናገር «አቺቭመንት» ይሻላል። በዕጣ ለወጣ ነገርም «ፍሩዊሽን» አይሆንም፤ ቀድሞ የታሰበና የተለፋበት ነገር ይፈልጋል። «ሪያላይዜሽን» የሚለውም ሕልም እውን መሆኑን ይገልጻል፣ ነገር ግን «ገባኝ፣ ተገነዘብኩ» ከሚለው ጋር ስለሚምታታ እኔ አልመርጠውም።

እናቶቻችን «ሐጃችሁ ይውጣ» ብለው ሲመርቁን ከ«ፍሩዊሽን» ጋር የሚቀራረብ ነገር እያሉ ነው፤ ሐጃ ወጣ የሚባለው ሲፈጸም ነውና። ስለ ነገ ስናወራ ኢንሻአላህ እንደምንለው ሁሉ፣ በእንግሊዝኛውም «ዊል ካም ቱ ፍሩዊሽን» ብሎ ከመደምደም «ዊ ሆፕ ቱ ብሪንግ ኢት ቱ ፍሩዊሽን» ማለት ለአንባቢውም ለጸሐፊውም ይቀላል።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በዚሁ መንገድ ጻፍኩ። የጎደለውን ሁሉ ዘረዘርኩ፤ ቃሉን ተስፋ ባደረግንበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ አስገባሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት መደርደሪያዎች ደርሰዋል። ወንበርና መብራት እየጠበቅን ነው።